የገላጋዩ እጆች

ታዲዎስ በዕድሜው ሰው መትቶ አያውቅም። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ካዛንቺስ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቷል። እሱ እጅ የገባ ፋይል አይጠፋም፤ ቶሎም አይወጣም። የቢሮው ሰዎች «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት እየጠቀሱ፣ «የኛ ታዲዎስ ሁለቱንም ሆኖልን አረፈው» ሲሉት አብሯቸው ይስቃል። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ሰፈር ውስጥ ስሙ የተነሳው ግን ወረቀት በመያዝ አይደለም፤ ሰው በመያዝ ነው። ካዛንቺስ ከመፍረሷ በፊት፣ እሱ ባደገበት መንደር ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉ፣ አንደኛው ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ ከማለቱ ታዲዎስ ከኋላው ደርሷል። አያያዙ የታወቀ ነበር። ሁለቱን ክንዶች ከጎን ጋር አጣብቆ ያቅፍና መዳፎቹን ደረት ላይ ያቆላልፋል። ከዚያ በኋላ የተያዘው ሰው ይንፈራገጥ፣ ይሳደብ፣ ታቦት ይጥራ፣ ንዴቱ ሳይበርድ አይለቀቅም። የሰፈሩ ጎረምሶች «ካቴናው» ይሉት ነበር።

የካቴናው ዋነኛ ደንበኛ መብራህቱ ነበር። በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ በአንድ ቧንቧ ውሃ ያደጉ ናቸው። የመብራህቱ አባት ከአዲግራት መጥተው ካዛንቺስ ቤት የሠሩ መምህር ነበሩ፤ ልጃቸው ግን ከመምህርነቱ ትዕግሥቱን አልወረሰም። ቸር ነው፤ ለተቸገረ ሸሚዙን አውልቆ የሚሰጥ ዓይነት። አንድ ክፉ ቃል የሰማ እንደሆነ ግን ደሙ ይፈላል፣ ምላሱ ከሐሳቡ ይቀድማል። የጠቡም ሥርዓት የታወቀ ነው። መጀመሪያ ዞር ዞር ብሎ ታዲዎስ መኖሩን ያያል። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ለራሱ ለታዲዎስ ይሰጠዋል። ታዲዎስ ኮቱን ለአንድ ሰው አቀብሎ ከኋላ ያቅፈዋል። አሁን መብራህቱ «ልቀቀኝ! ልቀቀኝ ብዬሃለሁ!» ማለት ይጀምራል። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት እንዲሁ ተያይዘው ከመቆየታቸው የተነሳ ሁለቱም ደክሟቸው፣ ታዲዎስ እንዳቀፈው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የሙሽራዋ አክስት ጠላ አምጥታ ሁለቱንም እዚያው አጠጣቻቸው።

«ያዙኝ ልቀቁኝ» ሲባል ሰው ይስቃል፤ የፈሪ ሥራ ነው ይላል። ይሳቅ፤ ግን አልገባውም። የድሮው ካዛንቺስ ሳይጋደል የኖረው በዚህ ነው። ሁለት ሰው ይጣላል። የዚህኛው ወገን ይህን ይይዛል፣ የዚያኛው ወገን ያንን ይይዛል። ሁለቱም «ልቀቁኝ!» እያሉ ልባቸው እስኪወጣ ይሰዳደባሉ። ከዚያ አንዲት እናት «በገላጋይ አምላክ!» ብላ መሀል ትገባለች። ክብርም አይጎድል፣ ደምም አይፈስ። ከዚህ የተሻለ ችሎት ያየ ሰው ካለ ይናገር።

ሥርዓቱ ግን ሁለት ያዥ ይፈልጋል። አንዱ ተይዞ ሌላው ከተለቀቀ ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን ታዲዎስ አስቦት አያውቅም፤ ማሰብም አላስፈለገውም፤ ሁልጊዜ ማዶ ሌላ ያዥ ነበራ። ሰፈሩ ፈርሶ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን፣ እሱ ቂርቆስ አካባቢ ቤት ተከራየ፣ መብራህቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቁን ወደ ቡልጋሪያ ሰፈር አዛወረ። ሁለተኛው ያዥ የት እንደገባ ግን ማንም አልጠየቀም።

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ቅዳሜ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች በመብራህቱ ቪትዝ ቄራ ሄደው ሥጋ ገዝተው ሊመለሱ ነበር። እኩለ ቀን ነው፤ መንገዱ በሥጋ ገዢ ተጨናንቋል። አንድ ፒክአፕ ወደ ኋላ ሲል የቪትዟን ስፖኪዮ ገጨና መስተዋቱን አረገፈው። ጉዳቱ ይኸው ነው፤ አንድ ስፖኪዮ። መብራህቱ ሱቅ ውስጥ የእሱ ዓይነት ስፖኪዮ በካርቶን ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል።

መብራህቱ ወረደ። «አንተን ብሎ ሾፌር! መንጃ ፈቃድህን መንገድ ላይ ነው ያገኘኸው?» አለ።

የፒክአፑ ሾፌርም ወረደ። ሃያዎቹን ያላጋመሰ ልጅ ነው። «ሰውዬ፣ አፍህን ሰብስብ» አለው።

ለመብራህቱ ይህ በቂ ነበር። ኮቱን አወለቀ። ታዲዎስ ኮቱን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ጣል አድርጎ የልማዱን አደረገ፤ ከኋላ አቀፈው፣ ክንዶቹን ከጎኑ አጣበቀ፣ ደረቱ ላይ ቆለፈ። «ልቀቀኝ ታዲ!» ተጀመረ። ስድቡ ሲወርድ ታዲዎስ በጓደኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ ሌላውን ያዥ ፈለገ። አልነበረም። ሰው ሞልቷል፤ ግን አንዱም ሌላውን አያውቀውም። ከፊሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ልጁ ወደ ፒክአፑ ዞረና የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ተመለሰ።

ይሄኔ መልቀቅ ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ለራሱ ሺህ ጊዜ ብሎታል። እሱ ግን ይበልጥ አጠበቀ። ጠብ ሲከር አጥብቆ መያዝ ነው የሚያውቀው፤ ሠላሳ ዓመት ያደረገው ይህንኑ ነው። ብረቱ መብራህቱን ግራ ዓይኑ ላይ አገኘው።

ልጁ እዚያው ተያዘ፤ በኋላም ተፈረደበት። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የሚወራ የለም። የመብራህቱ ግራ ዓይን ግን በሦስት ሐኪም ታይቶ ብርሃኑ አልተመለሰም። ሦስተኛው ሐኪም ይህን በተናገረ ቀን የመብራህቱ ሚስት ጽገረዳ ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ታዲዎስን ቆሞ አገኘችው። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«ታዲ፣ እጁን ባትይዘው ኖሮ ፊቱን ይሸፍን ነበር እኮ» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

ታዲዎስ ይህን ቃል ይዞ ቤቱ ገባ። ለማንም አልተናገረውም፤ ለሚስቱ ለሀብትነሽም ቢሆን። በሃያ ሦስት ዓመት ሥራው የመጀመሪያውን ፋይል በዚያው ወር አጠፋ። አለቃው ሊቆጣው ገብቶ ፊቱን ሲያይ «ይገኛል፣ ይገኛል» ብሎት ወጣ። መብራህቱ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ደግሞ ስልክ አያነሳም። መልእክት ቢጽፍለት ያነበዋል፤ አይመልስም። ከልጅነት እስከ ሽበት ሳይገናኙ ያለፋቸው አንድ ሳምንት አልነበረም። አሁን ሁለት ወር አለፈ።

አበሻ ሲጣላ የሚያደርገው ይታወቃል። ታዲዎስም ሽማግሌ ላከ። የድሮው እድር ሊቀመንበር ጋሽ ወልደአረጋይ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሄዱ፤ ሲመለሱም ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ከባድ ነው» አሉት ጋሽ ወልደአረጋይ። «አክብሮ ተቀበለን፤ ለስላሳ አስከፈተልን። ግን "እኔና ታዲዎስ አልተጣላንም፤ ላልተጣላ ሰው ምን እርቅ አለው?" አለን።»

«ታዲያ ይምጣ አላላችሁትም?»

«አልነው። ለስላሳ ጨምሩላቸው አለ።»

የተጣላ ይታረቃል፤ ድንጋይ ተሸክሞም ቢሆን ይታረቃል። አልተጣላሁም ብሎ በሩን የዘጋን ሰው ግን የትኛው ሽማግሌ ይከፍተዋል? ታዲዎስ ወንድሙን ማጣቱን ያወቀው ያን ቀን ነው። ዓይኑ እንደማይመለስ ያውቃል። የሚፈልገው ሰውዬውን ነበር።

ስታዲየም አካባቢ አንድ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያየው ከዚህ በኋላ ነው፤ «ራስን መከላከል፣ ለሴቶችና ለወንዶች፣ ቅዳሜ ጠዋት» ይላል። ለምን እንደቆመ ራሱም አያውቅም። ቤት ሲገባ ለሀብትነሽ ነገራት።

«በአርባ ስምንት ዓመትህ?» አለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ!»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ፊቱን አየችና ተጸጸተች። የድሮ ቱታውን ከቁም ሣጥን ሥር አውጥታ የላላውን ላስቲክ ቀይራ አልጋው ላይ አስቀመጠችለት።

ማሠልጠኛው ከስፖርት ዕቃ መሸጫዎች በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ታዲዎስ እያለከለከ ሲደርስ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ቆመዋል፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሀኒ የምትባል፣ ባንክ የምትሠራ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ፋዘር፣ ተሳስተው እንዳይሆን፤ የደም ግፊት ምርመራው ታች ነው» አለች። ቤቱ ሳቀ። እሱም ሳቀ።

አሠልጣኟ አርያም ትባላለች። ሠላሳ ያልሞላት፣ ቀጭን፣ ስትናገር የማትቸኩል ልጅ ናት። ሁሉንም ለምን እንደመጡ ጠየቀች። ሀኒ ታክሲ ሰልፍ ላይ የደረሰባትን ተናገረች፤ ሌላዋ ስልኳን የነጠቃትን። ተራው ታዲዎስ ጋ ደረሰ።

«መያዝ ልማር ነው» አለ።

«መምታት ማለትዎ ነው፣ ጋሽ ታዲዎስ?»

«አይ፣ መምታት አልፈልግም። ሰው መያዝ፤ በትክክል መያዝ።»

አርያም ትንሽ ፈገግ ብላ ነበር፤ ዓይኑን ስታይ ተወችው።

በመጀመሪያው ቀን ቡጢም እርግጫም የለም። ወጣቶቹ ቅር አላቸው። «በቃ አንድ ምት እንኳ?» አለች ሀኒ። አርያም አልሰማቻትም። ከሰው በሁለት ክንድ ርቀት መቆምን፣ መውጫ በርን አስቀድሞ ማየትን፣ ለስድብ መልስ አለመስጠትን ነው ያስተማረችው። «ዋናው መከላከያ እግር ነው» አለች። «ቀድማችሁ ሂዱ። ሸሸ፣ ፈራ ይበሏችሁ። ይበሉ! የሚላችሁ ሰው ሆስፒታል አያስታምማችሁም።» ቀጥላ እጆቿን ከፍታ ደረቷ ፊት ያዘች። «እጅ ደግሞ እንዲህ ነው። ለሚያየው ልመና ይመስላል፣ ለእናንተ አጥር ነው። እጅ መጀመሪያ የተሰጠን ለመምታት አይደለም፤ ፊት ለመሸፈን ነው።»

ታዲዎስ ይህን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ደረጃው አድክሞት ነው ብለው ውሃ ሰጡት።

እንደማይመለስ አስበው ነበር። ተመለሰ። በየቅዳሜው መጣ። ችሎታው ሲታወቅ ደግሞ ሥራ ተሰጠው፤ ከኋላ የሚይዝ ጥቃት አድራሽ ሆነ። «ጋሽ ታዲዎስ ይያዙኝ!» እያሉ ይሰለፋሉ። ከእሱ አያያዝ ማንም ማምለጥ አልቻለም። አርያም ለሀኒ ደጋግማ አሳየቻት፤ ክብደትሽን ወደታች ጣይ፣ ዳሌሽን ወደ ጎን አውጪ፣ ክርንሽን ነጻ አድርጊ። በስድስተኛው ቅዳሜ ሀኒ ሙልጭ ብላ ወጣች። «ኧረ ካቴና ተበጠሰ!» ብላ ዘለለች፤ የድሮ ስሙን ነግሯቸው ነበር። ታዲዎስም አጨበጨበላት። ደስ ብሎት ቤት የገባው፣ ከዚያ ጉዳይ ወዲህ፣ ያን ቀን ነው።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ አርያም «ዛሬ እርስዎ ይያዛሉ» አለችው። ያስተማራትን አያያዝ ራሱ ላይ አዋለችው፤ ክንዶቹን አጣብቃ ከኋላ ቆለፈችው። ቀጭን ናት ብሎ የናቃት ሰው ይመጣና ይሞክራት። ሀኒ ለልምምድ የሚያገለግል የስፖንጅ ትራስ ይዛ ከፊቱ ቀስ እያለች መጣች። ስፖንጅ መሆኑን ያውቃል። ሀኒ መሆኗን ያውቃል። ትራሱ ወደ ፊቱ ሲቀርብ ግን እጆቹ በራሳቸው ጊዜ ሊነሱ ተፍጨረጨሩ፤ አልተነሱም። ዓይኑን ጨፈነ። ትራሱ ግራ ጉንጩን ዳሰስ አደረገው።

ታዲዎስ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እንደዚህ ነበር ማለት ነው። መብራህቱ ያየው ይህን ነው፤ ብረቱ ሲመጣ፣ እጁ ሲከዳው፣ ከኋላ ያቀፈው ደግሞ የሚያምነው ሰው ሲሆን። ሥልጠናው ቆመ፤ ሁሉም ከበቡት። እሱም ለማንም ያልተናገረውን አንድ ሳያስቀር ተናገረ፤ ስፖኪዮውን፣ ስልክ ይዞ የቆመውን ሰው፣ የጽገረዳን ቃል። ሀኒ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዶ ነበር።

አርያም አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሽ ታዲዎስ፣ የያዙት የሚወዱትን ሰው ነው። ገላጋይ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ የራሱን ሰው ይይዛል። ብረቱ ያለው ግን በሌላው እጅ ነው።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ለወዳጅዎ ጀርባዎን ይስጡት። ፊትዎን ደግሞ ለዚያኛው። እጅዎ ክፍት፣ ድምፅዎ ዝቅ ያለ ይሁን። እሱንም አይያዙት፤ ያናግሩት። ሰው ፊት ሳያፍር የሚወጣበት በር ይክፈቱለት። ከዚያ ወዳጅዎን ይዘው፣ ማለቴ፣ ይዘው ሳይሆን አስከትለው ይሂዱ።»

ታዲዎስ አሰበ። «ወዳጄ ከኋላዬ ዘሎ ጠቡ ውስጥ ቢገባስ?»

«ይገባ ይሆናል፤ አላውቅም» አለች። «እርስዎም አያውቁም። ሳይያዝ ምን እንደሚያደርግ አንድ ቀን አይተውት አያውቁማ።»

ታዲዎስ ከሥልጠና በኋላ የሚያደርገውን ለማንም አይናገርም ነበር። ታክሲ ይዞ ቡልጋሪያ ይወርዳል። ከመብራህቱ ሱቅ ማዶ፣ መንገዱን ሳይሻገር፣ አንድ የሞባይል ካርድ መሸጫ አጠገብ ይቆማል። መብራህቱ ጥቁር መነጽር አድርጎ ባንኮኒው ላይ ሲሠራ ያያል። ዕቃ በግራው ሲያስቀምጡለት ጭንቅላቱን አዙሮ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ታዲዎስ ፊቱን ይመልሳል። አሥር ደቂቃ ቆሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለመሻገር ድፍረቱ አልነበረውም፤ አልተጣላንም ላለው ሰው ምን ብሎ ይግባ?

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ እንደልማዱ ሲደርስ የሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የመብራህቱን ድምፅ ከማዶ ለየው። አንድ ወፍራም የሚኒባስ ሾፌር የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ እያወዛወዘ ይጮሃል።

«ኦርጅናል ነው ብለህ ሸጥክልኝ፤ ሳምንት አልቆየም! ሌባ!»

«ማን ነው ሌባ? እግርህን ፍሪሲዮን ላይ ሰቅለህ እየነዳህ ያቃጠልከው አንተ! አህያ መንዳት ይሻልህ ነበር!»

ከዚያ መብራህቱ ኮቱን አወለቀ። አውልቆም እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ኮቱን የሚቀበለው ሰው አልነበረም። እጁ ኮቱን እንደያዘ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ኮቱ መሬት ወደቀ። ይህን ያየው ታዲዎስ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሾፌሩ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ የነበረ ረጅም ብረት አነሳ። የሱቁ ሠራተኛ ደግሞ አሠሪውን ከጠብ ሊያድን፣ ክንዶቹን ዘርግቶ ከመብራህቱ ኋላ ይጠጋ ነበር።

ታዲዎስ መንገዱን ግራ ቀኝ ሳያይ ተሻገረ። አንድ መኪና ጥሩንባውን እያንባረቀ ለጥቂት ሳተው።

«አትያዙት!» እያለ ጮኸ። «አትያዙት! እጁን ልቀቁት!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ገላጋይ አትያዙት ሲል ማን ሰምቶ ያውቃል? ሠራተኛው ደንግጦ ክንዶቹን ሰበሰበ። ታዲዎስ ሰውን እየገፋ መሀል ገባ። መብራህቱን አላየውም፤ ጀርባውን ሰጠው። ፊቱን ለሾፌሩ አዞረ፣ መዳፎቹን ከፍቶ ደረቱ ፊት ያዘ። ፈርቷል፤ ከፊት ያለውን ብረት ፈርቷል፣ ከኋላ ያለውን ሰው ደግሞ የበለጠ ፈርቷል።

«ወንድሜ፣ ዕቃው ተቃጥሎብሃል። ሥራ ፈተሃል። ብትናደድ እውነትህን ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«የዚህን ሰውዬ ዓይን ያጠፋሁት ሰው ነኝ።»

ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመብራህቱን መነጽር ልብ ብሎ አየ።

«እንዲህ ያለ ጠብ ላይ ከኋላ ያዝኩት» አለ ታዲዎስ። «ብረት መጣ። እጁ በእኔ ተይዞ ነበርና ፊቱን መሸፈን አልቻለም። ስለዚህ ዛሬ አልይዘውም። አንተንም አልነካህም። ብረቱን አስቀምጠውና ዕቃውን አብረን እንየው፤ ጥፋቱ የሱቁ ከሆነ ይቀየርልሃል።»

ሾፌሩ አመነታ። ብረቱን የያዘው እጁ ከፍ አለ፤ ለመምታት ይሁን ለመጣል፣ ራሱም የወሰነ አይመስልም። ታዲዎስ የስንት ቅዳሜ ትምህርት ጠፋበት። ርቀት የለ፣ አጥር የለ፤ እጆቹ እዚያው ደረቱ ፊት ደርቀው ቀሩ። የጠበቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መብራህቱ ከጎኑ ተስፈንጥሮ ሲያልፍ።

ያ አልሆነም። ድንገት ዓለም ጨለመበት። ከኋላ የመጣ ሰፊ መዳፍ፣ ሞተር ዘይት ሞተር ዘይት የሚሸት መዳፍ፣ ሁለት ዓይኖቹን ጥርቅም አድርጎ ሸፈናቸው።

«ዓይኑን እንዳትነካብኝ!» አለ የመብራህቱ ድምፅ። «በእናትህ፣ ወንድሜ፣ ዓይኑን ብቻ!»

ስድብ አልነበረበትም። ልመና ነበር። በካዛንቺስም ሆነ በቡልጋሪያ መብራህቱ ሰው ሲለምን የሰማ አልነበረም።

ብረቱ አስፋልት ላይ ወድቆ ሲንኳኳ ታዲዎስ ከጨለማው ውስጥ ሆኖ ሰማ። «ኧረ በቃ፣ በቃ... እኔ ልማታ ብዬ አይደለም እኮ» አለ ሾፌሩ፤ ድምፁ ተሰብሯል። ሰዎች «ተመስገን» አሉ። አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፍራ ተወችው። ሠራተኛው ሾፌሩን ወንበር ሰጥቶ ሸራውን ተቀበለው።

መዳፉ ግን ከታዲዎስ ዓይን አልተነሳም።

«ስንት ወር ሙሉ የት ነበርክ?» አለው መብራህቱ፣ ጆሮው ሥር።

«ስልክ አታነሳ... ሽማግሌ ላክሁ።»

«የምን ሽማግሌ! አፍሬ እኮ ነው፣ ሓወይ» አለ መብራህቱ። ወንድሜ ሲል ነው፤ በአባቱ ቋንቋ የሚጠራው ሆዱ ሲባባ ብቻ ነበር። «እኔ ስጮህ የኖርኩት እንደምትይዘኝ ስለማውቅ ነው። ያን ቀን ብቻዬን ብሆን፣ ስፖኪዮውን ትቼ ቤቴ እገባ ነበር። ዓይኔን ያጠፋው አፌ ነው። አንተ ደግሞ በእኔ አፍ ስትቃጠል... ይሄን በምን ፊቴ አይቼህ ልንገርህ?»

ከመዳፉ ሥር የታዲዎስ ዓይኖች ረጥበው የመብራህቱን ጣቶች እያራሱ ነበር። መብራህቱ እጁን አላነሳም፤ እሱም አንሳልኝ አላለውም።